የብራና ቤቱ ትርፍ ሰዎች

ነጅሚያ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የመጣችው «ሁኔታን አማርኛ አስተማርኩት» እያለች ነው። ኩራቷ ከሻንጣዋ ይከብድ ነበር።

«ሁኔታ» ሰው አይደለም። በብራና ቤቱ ውስጥ፣ ከአለት በተፈለፈለችው የጥንት መጻሕፍት ማሳያ ክፍል፣ አሁን ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ ፕሮግራም ነው። ቲኬት የሚሸጠው ፕሮግራም፣ አየር ማራገቢያውን የሚያዘው፣ አስጎብኚ የሚመድበው፣ ሁሉም እሱን ይጠይቃሉ። በቀጥታ ግን አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ደጃፉ ላይ የራሱ በረኛ ፕሮግራም ቆሞለታል፤ መታወቂያ ያላሳየ ጥያቄ አያልፍም።

የእውነቱ በር ላይ የቆሙት ጋሽ ሰውአገኝ ናቸው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀውታል፤ ከብልባላ እስከ ኩልመስክ የማያውቁት ሽማግሌ የለም። ነጅሚያ በመጀመሪያው ቀን ባለቁልፉን የበር ስልክ ሰጥታ አሳየቻቸው።

«ሰው ሲገባና ሲወጣ ወደዚህ ቁጥር ይላኩ፣ ጋሼ። አንድ ሰው፣ አንድ መልእክት። እንደሚናገሩት ይጻፉ፤ አማርኛ ያውቃል።»

«አሳምሮ?»

«አሳምሮ! ቆጥሮ ሲጨርስ መልእክቱን ያጠፋዋል። የማንም ስም አይቀመጥም።»

«ደግ፣ ልጄ።»

ክፍሏ ከዐሥራ ሁለት ሰው በላይ አትይዝም፤ ትንፋሽ ብራናውን ያበላሻል። ዐሥራ ሁለት ሲሞላ ቲኬቱ በራሱ ይዘጋል። ሙከራው እስከ ዓርብ ካልተሳካ የፕሮግራሙ ርክክብ አይፈረምም፣ የነጅሚያ የሦስት ወር ልፋትም ገደል ይገባል።

ሰኞ የብልባላ ካህናት መጡ። ስድስተኛው ሲገቡ ቲኬቱ ተዘጋ። ነጅሚያ ሮጣ ሄዳ ቆጠረች። ስድስት ናቸው።

ማክሰኞ ተማሪዎች መጡ። ዐሥራ ሁለቱም ያለ አንዲት ስሕተት ገቡ።

ረቡዕ አራት ጡረተኛ መምህራንና አራት ወጣት ፈረንጆች ሲገቡ ደግሞ ተዘጋ።

ነጅሚያ የውስጦቹን በረኞች አንድ በአንድ መረመረች። መታወቂያቸው ደኅና፣ መንገዳቸው ደኅና። ፕሮግራሟን እንደ ዓይኗ ብሌን ስለምታምነው፣ የቀረው የውጪው በረኛ ብቻ ሆነ።

አብሯት የሚሠራው ሀቢብ ሳቀባት። «ስማቸው ሰውአገኝ! ሰው ቢያገኙ ምን ይገርምሻል?»

«አብሽር፣ እደርስበታለሁ።»

ሐሙስ ከመስኮት ሆና ጠበቀቻቸው። ጋሽ ሰውአገኝ ለሚመጣው ሽማግሌ ሁሉ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን ይጫናሉ። ቲኬቱ ሲዘጋ ቀድመው ከወጡት ሽማግሌዎች ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ወግ ያዙ።

«አየህ?» አለችው ነጅሚያ ሀቢብን። «ወዳጆቻቸው ሲመጡ ያልገባ ሰው ጽፈው ቶሎ ያስዘጉታል። ተማሪ ሲሆን ለምን አይሳሳቱም? ወላሂ፣ ብልጥ ናቸው!»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክሱ ለብራና ቤቱ ኃላፊ ለወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ቀረበ። እዚያው ብራና ቤት ውስጥ ቆመው ነው።

«ጋሽ ሰውአገኝ፣ ያልገባ ሰው ይጽፋሉ?» አሉ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ።

«እኔ? ያየሁትን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መልእክት።»

«ታዲያ ትርፉ ከየት ይመጣል?»

«እሱን አማርኛ ለሚያውቀው ጠይቁት።»

ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ በረዥሙ ተነፈሱ። ከሰኞ ጀምሮ ጋሽ ሰውአገኝ ታችኛውን አጥር እንዲጠብቁ፣ የበሩን ስልክ ደግሞ ነጅሚያ እንድትይዝ ወሰኑ። ርክክቡ ላይ ፈርመውም ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ጋሽ ሰውአገኝ አልተቆጡም። ስልኩን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ይኼ ነጅሚያን አንጀቷን በላት፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳስገባና ሳስወጣ ኖሬ፣ የእኔን መውጣት ማን ይጽፈዋል?»

«እኔ እጽፈዋለሁ፣ ጋሼ» አለች፤ ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም። ጣቶቿ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደለመዱት በአንቱታ ጻፉ፦ «ጋሽ ሰውአገኝ ወጡ።»

አጠገቧ ያለው የ«ሁኔታ» ኮምፒውተር ወዲያው መለሰ፦ «ሁለት ሰዎች ወጥተዋል።»