የጠርሙሱ ጾመኞች

አሰጋሽን ሊያባርሯት ግምገማ ጠሩ። ሴሎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሞተው ነበር።

ቦታው ቃሊቲ ነው፤ ከማረሚያ ቤቱ ወረድ ብሎ ያለ፣ የበግ ፈንጣጣ ክትባት የሚሠራ ትንሽ ላብራቶሪ። ክትባቱ የሚዘጋጀው በበግ ኩላሊት ሴሎች ላይ ነው። ሴሎቹ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ፣ ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ ይኖራሉ። ከላያቸው እንደ ሆስፒታል ግሉኮስ የስኳር ውሃ ተሰቅሏል፤ ቱቦው ላይ ያለችውን መቆንጠጫ ላላ ሲያደርጓት ጠብ ጠብ ይላል። አሰጋሽ ጠዋት ለክታ ትሰጣቸዋለች፤ ከዚያ በቃ። የተማረችው ይህንኑ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ በቀልድ አንድ ወሬ ተነሣ። «አሰጋሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። እነሱንም አብራ ታስጾማቸዋለች» ተባለ። የምሳ ሰዓቷን ሳሪስ አቦ ቅዳሴ ታሳልፍ ስለነበር፣ ያም ተጨመረባት። መቼም ሐሜት እግር አያጣም! ብዙም ሳይቆይ ሮዙ ፈሳሽ ቢጫ እየሆነ ሴሎቹ ያልቁ ጀመር።

ያኔ ቀልዱ ቀረ። ጽዳቷ ድንቅነሽ ጠርሙሱ ጋ ስትደርስ መወልወያዋን አቁማ «እናት የላቸው፣ አባት የላቸው» ትላለች። ከመጋዘን የተዛወረው ረዳት ታጁ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ የተሰቀለውን የስኳር ውሃ ሞልቶ ዝም ብሎ ይወጣል። አሰጋሽ ከተባረረች ቦታዋ የእሱ እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሂርጳ ደግሞ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ሲያከፋፍሉ የነበሩ ሰው ናቸው። «እኔ ባለሁበት ጦሙን የሚያድር ፍጥረት የለም!» ይላሉ፣ ዘበኛውን ጋሽ ጉተማን ሳይቀር እየሰበሰቡ።

በግምገማው ቀን አዳራሹ ሞላ።

«ግለ ሂስሽን አቅርቢ» አሉ አቶ ሂርጳ።

«የለኝም።»

«ገርጥተው፣ ቢጫ ሆነው እኮ ነው ያለቁት! ራብ ያገረጣው ሰው አይተሽ አታውቂም?»

«ሰውማ አይቻለሁ። እነዚህ ግን ሰው አይደሉም፣ አቶ ሂርጳ።»

«ጥፋትሽን እመኚ፤ በማስጠንቀቂያ እናልፍሻለን።»

«ያላጠፋሁትን አላምንም። ብታባርሩኝም አላምንም!»

«ኧረ ልጆችሽን አስቢ፣ አንቺ ሰው!» አለች ድንቅነሽ ከኋላ።

«እነሱን አስቤ ነው። እናታቸው ዋሽታ እንጀራ አታበላቸውም።»

አቶ ሂርጳ ተናደዱ። «እንግዲያው ድምፅ ይሰጥ። ትሰናበት የምትሉ...»

«ቆይ!» አሰጋሽ ቢጫውን ጠርሙስ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። «ራብ አይደለም ቢጫ ያደረጋቸው። ስኳር ሲበዛባቸው አሲድ ያወጣሉ፤ በገዛ አሲዳቸው ያልቃሉ። ትናንት ስኳሩን ለካሁት። እኔ ከሰጠኋቸው አምስት እጥፍ ገብቶላቸዋል። የገደላቸው ጥጋብ ነው!»

ዓይን ሁሉ ታጁ ላይ አረፈ። ታጁን ላብ አጠመቀው።

«እጅ ማውጣታችሁ ካልቀረ መጀመሪያ ለእኔ አውጡ» አለች አሰጋሽ። «እኔ በሌለሁበት መቆንጠጫዋን የነካ ማነው? ወንድ ከሆነ ይውጣ!»

ታጁ እጁን አወጣ።

«አንዲት ጉርሻ ብቻ ናት፣ እትዬ አሰጋሽ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ወላሂ፣ ሲርባቸው ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ።»

አሰጋሽ ልትጮህበት አፏን ስትከፍት፣ ከኋላ ድንቅነሽ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ «እኔም» ብላ እጇን አወጣች። ጋሽ ጉተማ ቆባቸውን አውልቀው አወጡ። ከዚያ ሒሳብ ክፍሉ፣ ከዚያ ሾፌሩ።

በመጨረሻም፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ አቶ ሂርጳ።