ለአቶ ሽብሩ የተቦረሸ ጥርስ

የሰደበኝ አቶ ሽብሩ ነው፤ ግንቦት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በእህቴ ሠርግ ላይ። ሲያጎርሰኝ ጣቱን የድዴ ደም ነካው። «ኧረ ይሄስ ጅብ ነው!» ብሎ እጁን አራገፈ። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ጥርሴ ሥር የተጋገረውን ቆሻሻ አጽድታ፣ «ደማ ብለው መቦረሽ እንዳያቆሙ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ሳልቦርሽ የቀረሁበት ቀን የለም። መድማቱም ቆመ።

ትናንት ይየውና ይረር ብዬ ቤቱ ድረስ ሄድኩለት። በሩ ክፍት ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ጥርሴን እስከ መንጋጋዬ ገለጥኩለት። ደግሜ ገለጥኩ።

ሴት ልጁ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ውይ ጋሼ፣ አባዬ እኮ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። ማን መጣ ልበለው?»

አፌን ገጥሜ ወጣሁ።