አዲስ ደራሲ በወጣ ቁጥር

ያልሆነ ነገር መጻፍ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ፣ በወንጀል መጽሐፍ ውስጥ የሚሞት ሁሉ በእውነት የሞተ ሰው ነው። ስለዚህ እትዬ የሻረግ፣ አዲስ ደራሲ ወጣ በተባለ ቁጥር ደሴ ፒያሳ ወዳለው የጌጡ መጽሐፍ ቤት ይሮጣሉ። ልጃቸው ስንዱ ከጠፋች ስድስት ዓመት ሆነ። ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ እሷን ፍለጋ ያነበቡት ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ መቶ አልፏል።

ዛሬ ግን ጌጡ አዲሱን መጽሐፍ አልሰጥም አለ።

«ይቅርብዎት እትዬ። ይኼ ለእርስዎ አይሆንም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ስታከራየኝ ይቅርብዎት ብለኸኝ ታውቃለህ? አምጣ ወዲህ!»

ቀምተውት እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ገጽ አርባ ላይ ጣታቸው ቆመ። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ቡናማ ሹራብ ለብሳለች፤ ክርኑ በቀይ ክር ተጥፏል። ቡናማ ክር አልቆባቸው ለስንዱ ራሳቸው የጣፉት ነው።

«አንተ ጨርሰኸዋል?»

ጌጡ አንገቱን ደፋ።

እትዬ የሻረግ መጽሐፉን ዘጉት።

«እንዴት እንደሆነች አትንገረኝ፤ ገብቶኛል። ሹራቡን ግን አውልቀውባታል ወይስ እንደለበሰች ናት? ብርድ አትችልም ልጄ።»