ከብርቱካናማዋ ቀጥሎ

«ጥድፌ፣ አንብብልኝ!» ይሉኛል ጋሼ፣ ከዲስኮቹ ፊት አጎንብሰው። ስሜ ጥድፌ አይደለም። ስለምቸኩል እሳቸው ያወጡልኝ ነው።

የሆስፒታሉ መረጃ ሁሉ የሚቀመጥበት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነን። ማቀዝቀዣው ስለሚጮህ እኛም እንጯጯሃለን። አንዷ ዲስክ ከጠዋት ጀምሮ ስህተት አብዝታለች፣ ጭራሽ ሳትሞት ልናወጣት ነው። በኮምፒውተሩ ከሥራ ውጪ አድርጌያታለሁ፣ ቦታዋ እንዲታወቅም ብርቱካናማ መብራቷን አብርቻለሁ። አሁን የሷን ድርሻ የቀሩት ተሸክመውታል። ከነሱ አንዷ በስህተት ብትነቀል ግን አለቀ፣ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ላይ ፎቅ ደግሞ አንዲት ሐኪም ከነዚሁ ዲስኮች የሚመጣውን የአንድ ሕፃን የጭንቅላት ምስል ስክሪን ላይ ከፍታ ኦፕራሲዮን ላይ ነች።

ለዚህ ነው ጋሼ ሕግ ያወጡት። አንዱ የዲስኳን መለያ ቁጥር ከስክሪኑ ያነባል፣ ሌላው ዲስኳ ፊት ላይ ከተለጠፈው ጋር ያመሳክራል። «ትክክል» ሳይባል ማንም አይነቅልም።

አነብላቸዋለሁ።

«ትክክል!»

ቀና ስል ጣታቸው ከብርቱካናማዋ ቀጥሎ ያለችው ላይ ነው። አረንጓዴዋ ላይ። ጤነኛዋ ላይ።

ቀልድ ይመስለኛል። ጋሼ ይቀልዳሉ እኮ። ግን አውራ ጣታቸው መያዣዋን ሊጫን ነው።

«ጋሼ ይቆዩ! አንዴ ልድገመው!»

«ምን ነካህ ዛሬ? ጥድፌም ተረጋጋ ልበል?» ይስቃሉ።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን «የሰውዬው ዓይን ደክሟል» ሲል አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። «ከኔ በላይ ያያሉ!» ብዬ። ዲስኮቹን በጣታቸው እየዳበሱ ሲቆጥሩ ጥንቃቄ ነበር የሚመስለኝ።

እየፈራሁ ሌላ ቁጥር አነባለሁ። ስክሪኑ ላይ የሌለ፣ ከራሴ የፈጠርኩት።

«ትክክል ነው አልኩህ እኮ!»

ተነስቼ እጃቸውን ቀስ ብዬ እይዝና አንድ ቦታ ወደ ግራ ወስጄ አሳርፈዋለሁ። ብርቱካናማው ብርሃን ጥፍራቸው ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሳቃቸው የለም።

«ይሄ መነጽር...» ይሉና አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ንጹሕ ነው። ደግመው ይጠርጉታል።

«በል አንተው አውጣት» ይሉኛል። ማቀዝቀዣው ድምፃቸውን ሊውጠው ምንም አልቀረውም። «መጀመሪያ ትንሽ ሳብ አድርገህ ጠብቅ፣ እሺ? ውስጧ መዞሩን እስኪያቆም።»

ሳብ አድርጌ እጠብቃለሁ። መሽከርከሯ መዳፌ ውስጥ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ይቆማል።

አወጣትና ልሰጣቸው እዞራለሁ። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው ሊቀበሉኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ እኔ ከቆምኩበት ትንሽ ፈቀቅ ወዳለው ባዶ ቦታ።