የጋሽ ተሰማ ቀሪ መብራት

በዚያ ዘመን በቅድሚያ ተከፍሎ በቤት ቆጣሪ ላይ የተጠራቀመ የመብራት ሂሳብ፣ ባለቤቱ ሲሞት እስከ ተዝካሩ ብቻ ይቆይና ይሰረዝ ነበር። የደብረ ብርሃኑ አቶ ተሰማ «ለእርጅናችን ይሆነናል» እያሉ፣ ብርዱን ሁሉ ማሞቂያ ሳያስነኩ ሲያጠራቅሙ ኖረው በሳንባ ምች ሞቱ።

በተዝካሩ ዋዜማ ጎረቤታቸው እታገኝ ወደ ሚስታቸው ወደ ወይዘሮ አመለወርቅ ገባች።

«እትዬ፣ ነገ እኮ ቆጣሪው ባዶ ይሆናል! ጋሽ ተሰማ ለእርስዎ አይደል ያስቀመጡት?» ብላ ማሞቂያውን ከፈተችው።

ቤቱ ቀስ በቀስ ሞቀ። ወይዘሮ አመለወርቅ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ በዚያ ቤት እንዲህ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነበር። የደነዘዙት ጣቶቻቸው ሲፍታቱ ታወቃቸው።

«ሞቀዎት?» አለች እታገኝ።

ሞቆኛል ማለት ባላቸውን ማማት መሰላቸው። ወንበራቸውን ወደ ማሞቂያው ጠጋ አደረጉ።