የዳገት ማርሽ

ካኒስ ስኩተሩን ግቢው ውስጥ አጋድሞ የኋላ ማርሹን ሲፈታ፣ አባቱ ሮፊኑስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥር ነበር። ጎረምሳ በቤቱ የኋላ ማርሽ ሲቀይር ለሽቅድምድም እንደሆነ በሩቴንግ ከተማ የማያውቅ የለም።

«ነባሩ ምን አደረገህ?» አለ ሮፊኑስ።

«ሰነፍ ነው አባዬ። ይሄኛው ግን አንዴ ከበረረ የሚያቆመው የለም።»

«የሚያቆመውማ አለ። የማርሴሉስን ልጅ ያቆመው ግንድ ዛሬም እዚያው ቆሟል።»

ካኒስ የድሮውን ዘይት ወደ ድስት አንቆረቆረው።

«አንተ! ድስቴን!» ብላ እናቱ ዩስቲና ከጓዳ ጮኸች።

ሮፊኑስ ከቅርንፉድ ዛፍ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይሄድም። ልጁን ሮጦ አይዘው፣ በጥፊ አይለው። የቀረው አፉና ጸሎቱ ነው፤ አፉን ደግሞ የሚሰማው አጥቷል።

የሰፈሩ ጎረምሶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሽቀዳደማሉ፤ በሩዝ ማሳው መሃል ባለው ቀጥ ያለ አጭር መንገድ፣ ከድልድዩ ተነስተው እስከ ወፍጮ ቤቱ። ካኒስ በአዲሱ ማርሽ ገባና ተሸነፈ። በሚቀጥለውም እሑድ ተሸነፈ። ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«ወፍጮ ቤቱ ጋ እኮ ልደርስባቸው ነበር! መንገዱ አለቀብኝ እንጂ!»

በፒክአፑ ጭኖ ያመጣው ጎረቤታቸው ዶናቱስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ታዲያ መንገዱን ትንሽ ሳብ አድርገው እንዲያስረዝሙልህ ለመንግሥት እናመልክትልህ?»

ዩስቲና ግን አልሳቀችም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበረከከችና አለቀሰች። እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ የካኒስ ልብ ራራ።

«እሺ እማዬ፣ በቃ! እሑድ ከተሸነፍኩ ስኩተሯን እሸጣታለሁ። ከአጎቴ የአናጢ ሥራ ቤት እገባለሁ። በእመቤታችን ፊት ነው የምናገረው። ካሸነፍኩ ግን፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይናገረኝ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሮፊኑስ ጸሎት አንድ ብቻ ሆነ። ጌታ ሆይ፣ ልጄ ይሸነፍ። አባት ለልጁ ውርደት ሲጸልይ ደስ አይልም። ልጅ መቅበር ግን ከዚያ ይብሳል።

እሑድ ጠዋት ካኒስ ዘማሪ ስለሆነ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሮፊኑስ «እግሬን አሞኛል» ብሎ ቀረ። ከቅዳሴ የቀረው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ነው? አልጋው ሥር ገብቶ አንድ ቆርቆሮ ጎትቶ አወጣ። ውስጡ የገዛ አሮጌ ስኩተሩ የኋላ ማርሽ አለ። በዚያ ማርሽ ነበር ጤነኛ ሳለ ሲሚንቶና ሰው ጭኖ ተራራ ላይ ወዳሉት መንደሮች ይመላለስ የነበረው። እንደ ግድግዳ ቀጥ ባለ ዳገት መሃል ቆሞ እንኳ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ጭነቱን ይዞ ዘሎ ይነሳል። ሜዳ ላይ ሲወጣ ግን ጩኸት እንጂ ፍጥነት የለውም። ብስክሌት ይቀድመው ነበር። ልጆች «ጋሼ ኤሊ» ይሉት ነበር።

«ጌታ ሆይ» አለ ሮፊኑስ ካቻቢቴውን እያነሳ፣ «አንተ ሥራ በዝቶብህ ከሆነ እኔ ልጀምርልህ።»

ዩስቲና ብቅ ብላ አየችው። «አንተም ጀመርክ?!»

«ዝም በይና ጎማውን ያዢልኝ።»

ቆርቆሮውን አየች፤ ገባት። ጎማውን ያዘችለት።

«ኃጢአት አይሆንብንም?»

«ለቄሱ እኔ እናዘዛለሁ። ያዢው ብያለሁ!»

የልጁን ማርሽ አውጥቶ የራሱን ከተተ። ክዳኑን ገጠመ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ፣ ዘይት ሞላ። ላቡን ጠርጎ ወደ ድስቱ ሲያይ፣ ዘይቱ ውስጥ ከቡሎን ሥር የምትገባ አንዲት ራንዴላ ተቀምጣለች።

«ይቺ ከየት ነች?» አለች ዩስቲና።

ከየት እንደሆነች አያውቅም። እንደገና ሊፈታው ቁልፉን አነሳ። የዶናቱስ ፒክአፕ መታጠፊያው ላይ ጥሩምባ ነፋ።

ካኒስ የመዘምራን ልብሱን እያወለቀ ገባ። ቀይ ካናቴራ አጠለቀና ስኩተሩን ሳያስነሳ ወደ መኪናው መግፋት ጀመረ። ፖሊስ እንዳያይባቸው ሁልጊዜ ጭነው ነው የሚወስዷት።

«ካኒስ!» አለ ሮፊኑስ።

«አቤት አባዬ?»

ቢናገር ልጁ ማርሹን አውጥቶ በዚያ በበራሪው ይሄዳል። ባይናገር ደግሞ ራንዴላዋ እጁ ውስጥ አለች። ጎማው መንገድ ላይ ቢወልቅስ?

«ቀስ በል» አለ በመጨረሻ።

«ለሽቅድምድም እኮ ነው የምሄደው!» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ሮፊኑስ ደጃፍ ላይ ቀረ። መቁጠሪያው እጁ ላይ አለ፤ ጸሎቱ ግን ጠፋበት። ይሸነፍ ይበል? ይመለስ ይበል? ከታች ከማሳው በኩል ሞተሮች ሲያጓሩ ሰማ። ከሁሉም በላይ የአንዱ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል፤ ያን ጩኸት ያውቀዋል። ወዲያው ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሰው ጩኸት።

ብዙ ቆይቶ ሰዎች ግር ብለው በመታጠፊያው ብቅ አሉ። አንድ ሰው ከራሳቸው በላይ ተሸክመዋል። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል፤ እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ካናቴራው ቀይ ነው።

ዩስቲና እሪ አለች። ሮፊኑስ ምርኩዙን ረስቶ ተነሳ፤ ወደቀ፤ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ መንገዱ ወጣ።

«እኔ ነኝ!» አለ አፈር እየቃመ። «ሰዎች፣ የገደልኩት እኔ ነኝ! በገዛ እጄ!»

ተሸካሚዎቹ አጠገቡ ሲደርሱ ካኒስ ከትከሻቸው ላይ ቀና አለ። ፊቱ በሳቅ ተሞልቷል።

«አባዬ! ገና ከድልድዩ ስንነሳ ዘልዬ ጥያቸው ሄድኩ፣ መንገዱ እስኪያልቅ አንዱም አልደረሰብኝም! ባሕር ማዶ ኩፓንግ ከተማ ለሚደረገው ትልቅ ሽቅድምድም እኔን መረጡኝ!»