የንስሐ ቃል

የወረዳው አስተዳዳሪ መምሬ ቢተውን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አስይዞ ቢሮው ያስመጣቸው አንድ ምስጢር ሊያስወጣቸው ነበር፤ ሸፍቶ ጫካ ከመግባቱ በፊት እሳቸው ዘንድ ንስሐ የገባው አስተማሪ የነገራቸውን።

"አንተ ቄስ፣ ተናገር!" አለ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ።

"ግብር ክፈል ካላችሁኝ እከፍላለሁ፤ ሥጋዬም ይኸው በእጃችሁ ነው" አሉ መምሬ። "የሰው ንስሐ ግን የእግዚአብሔር ነው። እዚያ መንግሥት አይገባም።"

"ብትሞትም?"

"ብሞትም።"

 አስተዳዳሪው ጠባቂዎቹን አስወጣ፤ በሩን ቆለፈ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

"አባቴ፣ እንደማይናገሩ ማረጋገጥ ነበረብኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንቅልፍ በዓይኔ ካልዞረ ሰነበተ። ንስሐዬን ይቀበሉኝ።"

 መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው፣ "ተናገር ልጄ፣ እግዚአብሔር ይሰማሃል" አሉት።

"እስር ቤት የነበረውን ልጅዎን፣ ዲያቆን አንዳርጌን፣ ባለፈው ሰኞ አስገድዬዋለሁ።"

መምሬ ከዚያ ቢሮ እንዴት እንደወጡ አያውቁትም። የግቢው በር ላይ ባለቤታቸው ባዶ አገልግል ይዘው ከእስር ቤቱ በኩል እየሮጡ ተቀበሏቸው።

"እሰይ፣ እንኳን በሰላም ወጡልኝ! ዘበኞቹ ዛሬም የአንዳርጌን ምሳ ተቀበሉኝ እኮ" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ልጃችን ደህና ነው ማለት ነው፤ አይደለም መምሬ?"

መምሬ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።